ፊልም የጠፋበት ራጅ ክፍል፦ የባልቲሞሩ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል

አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ለሆስፒታል የተንከራተተ ሰው ያቺን ትልቅ ፖስታ ያውቃታል። ውስጧ የራጅ ፊልም አለ። ታክሲ ላይ እንዳትታጠፍ በሁለት እጅ ትያዛለች። ቤት ስትደርስ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይ ፍራሽ ስር ትገባለች። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ገና ሳትቀመጥ «የበፊቱን ፊልም ይዘሃል?» ይላል። ካልያዝክ በቃ፣ እንደገና ትነሳለህ። እንደገናም ትከፍላለህ።

እኛ ጋ የፊልሙ መዝገብ ቤት ታካሚው ራሱ ነው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፊልሙን የሚያስቀምጠው ሆስፒታሉ ነበር። የሚደረደርበት ሰፊ ክፍል፣ የሚያመላልሰው ሠራተኛ፣ የሚገፋበት ጋሪ ነበረው። ያም ሆኖ ይጠፋ ነበር። ይህ ጽሑፍ ፊልም ይቅርብን ስላለ አንድ ራጅ ክፍልና ክፍሉን ይመሩት ስለነበሩ ሐኪም ነው። ቦታው ባልቲሞር፣ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል። ጊዜው በፈረንጆቹ 1993፣ በእኛ 1985 ዓ.ም.።

ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ «ቪኤ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። የአሜሪካ መንግሥት የቀድሞ ወታደሮቹን የሚያሳክምበት፣ ራሱን የቻለ የሆስፒታሎች መረብ ነው። የባልቲሞሩ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። መሐል ከተማ ግሪን ጎዳና ላይ፣ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አጠገብ ነው። ሕንፃው ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1993 ነው። የራጅ ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኤልየት ሲግል ነበሩ። አብረዋቸው ብዙ ጥናት የሠሩት ደግሞ ዶክተር ብሩስ ራይነር ናቸው።

አዲስ ሕንፃ ለአንድ ክፍል ኃላፊ በሥራ ዘመኑ አንዴ ቢገጥመው ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ «እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው» የሚል ልማድ ከግድግዳው ጋር ተለስኗል። አዲስ ቤት ገና ልማድ የለውም። ባልቲሞር ላይ ያ ዕድል አልባከነም። በጁን 1993 ክፍሉ ፊልሙን ትቶ ምስሎቹን በኮምፒውተር ስክሪን ማንበብ ጀመረ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ፊልም አልባ ሆስፒታል ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። የጡት ራጅ ብቻ ሌላ ጉዳይ ነው። ዲጂታል የጡት ራጅ ማሽን በአሜሪካ የተፈቀደው በ2000 ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ፊልም ገና ዕድሜ ነበረው።

ዛሬ ይህን ስናነብ «ታዲያ ምን ይገርማል?» እንላለን። ሁሉም ስልኩ ላይ ፎቶ ይዞ ይዞራል። በ1993 ግን የአንዱ ድርጅት ማሽን ከሌላው ድርጅት ኮምፒውተር ጋር አይግባባም ነበር። የሕክምና ምስሎች የጋራ ቋንቋ የሆነው ዲኮም የሚባለው መለኪያ ገና በዚያው ዓመት ነው ብቅ ያለው። ስክሪኖቹ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከኋላ ሆድ ያላቸው፣ ከባድና የሚግሉ ነበሩ። ብዙ ራዲዮሎጂስቶችም፣ ማለትም ምስሉን አይተው ውጤት የሚጽፉት ሐኪሞች፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊልሙን ከኋላው በሚያበራ የብርሃን ሳጥን ላይ ያነበቡ ሰዎች ናቸው። በቴሌቪዥን መስኮት የሰው ሳንባ አንብቡ ሲባሉ ፊታቸውን ቢያጨማድዱ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። አንድ የደረት ራጅ በፊልም ዘመን የሚሄደውን መንገድ አብረን እንሂድ። ሳል የማይለቀው አንድ ሽማግሌ ወታደር አለ እንበል።

ሐኪሙ ማዘዣ በወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱን አንድ ሰው ራጅ ክፍል ያደርሰዋል። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ትመዘግበዋለች። የሽማግሌው የድሮ ፊልም እንዲወጣ ፊልም መዝገብ ቤት ይነገራል። መዝገብ ቤት ያለው ሰው መደርደሪያውን ያስሳል። ፖስታው ቦታው ላይ የለም። ቀዶ ሐኪሙ ትናንት ወስዶታል፣ ወይም ተመላላሽ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ተረስቷል። ይፈለግ ይባላል። ሽማግሌው በዚህ መሐል ጋውን ለብሶ አግዳሚ ላይ ይጠብቃል።

ራጅ አንሺው ፊልሙ ያለበትን ሳጥን፣ ካሴት የሚሉትን፣ ይጭናል። «ትንፋሽ ሳብ፣ ያዝ» ይላል። ካሴቱን ወደ ጨለማ ክፍል ይወስዳል። ፊልሙ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ በወዲያ በኩል ይወጣል። ራጅ አንሺው ወደ መብራት አንስቶ ያየዋል። ጠቁሯል። በጣም ነጥቶም ሊሆን ይችላል። ሽማግሌው ተመልሶ ይቆማል፣ «ትንፋሽ ሳብ» እንደገና። ደህና ሲወጣ ስም ይለጠፍበታል፣ ፖስታ ይገባል፣ የድሮው ከተገኘ አብሮት ይሄዳል። አንድ ሰው ይሸከመውና ንባብ ክፍል ያደርሰዋል። ሌላ ሰው ብርሃን ሳጥኑ ላይ ይሰቅለዋል። ራዲዮሎጂስቱ አይቶ ቴፕ ላይ ይናገራል። ቴፑ ወደ ታይፒስት ይሄዳል። የተተየበው ለፊርማ ይመለሳል። ከተፈረመ በኋላ ወረቀቱ ወደ ሐኪሙ ይላካል፣ ፊልሙ ወደ መደርደሪያው።

ሲግልና ራይነር ይህን መንገድ ቁጭ ብለው ቆጠሩት። ከትእዛዙ እስከ ውጤቱ 59 እርምጃ አገኙ። ልብ በሉ፣ ከ59ኙ ውስጥ ሕክምና የሚባለው ጥቂቱ ነው። ማንሳት አለ፣ ማንበብ አለ። የቀረው መሸከም፣ መፈለግ፣ መለጠፍና መጠበቅ ነው።

ፊልም የሚጠፋውም ሰው ግዴለሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፊልም አንድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ቀዶ ሐኪሙ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶበት ፊልሙን አሁኑኑ ይፈልጋል። ራዲዮሎጂስቱም ሊያነበው ይፈልጋል። እናም ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። በብብቱ ይዞት ይሄዳል፣ መኪናው ውስጥ ይቀራል፣ መሳቢያ ውስጥ ይከረማል። ባልቲሞር በፊልም ትሠራ በነበረበት ጊዜ 8 በመቶ ገደማ የሚሆነው ምርመራ ራዲዮሎጂስት ሳያነበው ይቀር እንደነበር የክፍሉ ሰዎች ራሳቸው ጽፈዋል። ይህ ማለት ከ100 ሰው ስምንቱ ተነስቶ፣ ጨረሩን ተቀብሎ፣ ውጤት የጻፈለት ራዲዮሎጂስት የለም ማለት ነው። ወደ ኮምፒውተር ከተዛወሩ በኋላ ቁጥሩ ከ1 በመቶ በታች ወረደ።

እዚህ ላይ ባልቲሞርን ከሌሎች የለየውን ነገር ልናገር። ብዙ ሆስፒታሎች በኋላ ያንኑ ዓይነት ማሽን ገዙ። ፓክስ ይባላል፤ ምስሉን የሚያስቀምጠው፣ የሚያሰራጨውና ስክሪን ላይ የሚያወጣው ሥርዓት ነው። ገዝተው ሲያበቁ ግን ወረቀቱን እንዳለ ተዉት። ጸሐፊዋ አሁንም ትመዘግባለች፣ ራጅ አንሺው አሁንም ስም በእጁ ይጽፋል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ምስሉ ብቻ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ውድ ዕቃ ተገዝቶ 59ኙ እርምጃ 50 ቢሆን ነው። ባልቲሞሮች ግን ሥራውን ራሱን እንደገና ሰፉት። 59ኙ 9 ሆነ።

እንዴት? ትልቁ ሚስጥር ቪኤ ቀድሞውኑ የራሱ የሆስፒታል ኮምፒውተር ሥርዓት ነበረው። በኋላ ቪስታ ተብሎ የታወቀው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የቪኤ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ዶክተር ሩት ዴይሆፍ የሚመሩት ቡድን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምስልን ከታካሚው መዝገብ ጋር ለማገናኘት ይሠራ ነበር። ስለዚህ ባልቲሞር ላይ ሐኪሙ ትእዛዙን ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ የታካሚው ስምና ቁጥር ራሱ ወደ ራጅ ክፍሉ ይሄዳል። ማንም ድጋሚ አይጽፍም።

ይህ ቀላል ይመስላል። አይደለም። በራጅ ክፍል የሠራ ሰው ያውቃል፤ በእጅ የተጻፈ ስም የችግር ሁሉ እናት ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ምስሉ የማንም አይሆንም። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ግን ባለቤት የለውም። የክፍል ኃላፊ ጠዋት ቢሮው ገብቶ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ዝርዝር ቢኖር ይኸው ባለቤት ያጡ ምስሎች ዝርዝር ነው እላለሁ። ፊልም ሲጠፋ ቢያንስ የጎደለ ፖስታ ይታያል። ኮምፒውተር ውስጥ የጠፋ ግን ጸጥ ብሎ ነው የሚጠፋው።

ስለ ውጤቶቹ ብዙ አልቆይም፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ሐኪሙ የራዲዮሎጂስቱን ንባብ ለማግኘት አንድ ቀን ያህል ይጠብቅ የነበረው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ወረደ። ሲቲ ስካንን ከፊልም ይልቅ በስክሪን ማንበብ 16 በመቶ ገደማ ጊዜ ቆጠበ። ከባልቲሞር ውጭ ያሉት የሜሪላንድ የቪኤ ተቋማት፣ ለምሳሌ ፔሪ ፖይንት፣ ምስላቸውን በመስመር ልከው ባልቲሞር ይነበብላቸው ጀመር። ለአንድ ትንሽ ተቋም ሌሊት የሚያድር ራዲዮሎጂስት ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድጋሚ የመነሳቱ ነገር ግን ጠጋ ብለን ብናየው ይሻላል። ፊልም ቁጡ ነው። ጨረሩ ትንሽ ከበዛ ይጠቁራል፣ ካነሰ ይነጣል። ባልቲሞር በፊልም ጊዜ 5 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ምስል እንደገና ያነሱ ነበር። በፊልሙ ፋንታ የገባው ፎስፈር የተቀባ ሰሌዳ ግን ታጋሽ ነው። ጨረሩ በዛም አነሰ ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል። ድጋሚ ማንሳት ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ሽማግሌው አንዴ ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው።

ግን ታጋሽ ሰሌዳ ክፉ አመልም ያስተምራል። ፊልም ላይ ጨረር ያበዛ ራጅ አንሺ ወዲያው ይጋለጣል፤ ፊልሙ ጠቁሮ ያሳጣዋል። ሰሌዳው ላይ ግን ጨረር ሲበዛ ምስሉ ይባስ ያምራል። ጨረር ሲያንስ ነው አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው፤ ያኔ ራዲዮሎጂስቱ ያማርራል። ራጅ አንሺ ደግሞ ሰው ነው። ከሚቆጡት ይልቅ የማይቆጡትን ይመርጣል። ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያስበው፣ እጁ ወደ ማብዛቱ ያደላል። ይህ በዲጂታል ራጅ ዓለም የታወቀ ጣጣ ነው። ምስሉን አይቶ መያዝ አይቻልም፤ ማሽኑ የሚያወጣውን የጨረር መጠን ቁጥር በየጊዜው አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል። በፊልም ዘመን ማጠቢያ ማሽኑ በከፊል ይሠራው የነበረው ቁጥጥር ኃላፊው ትከሻ ላይ ወደቀ። ስለ ዲጂታል ራጅ ሲወራ ድጋሚ የቀነሰው ይነገራል፤ ይኼኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አሁን እኔን በጣም ወደሚገርመኝ ልምጣ።

በፊልም ዘመን ሐኪም ፊልም ለማየት ወደ ራጅ ክፍል ይመጣል። ሌላ ምርጫ የለውም፤ ፊልሙ ያለው እዚያ ነው። ሲመጣ ራዲዮሎጂስቱን ያገኘዋል። «ይቺን እስቲ እይልኝ፣ ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ ትኩሳት ላይ ነው» ይለዋል። ራዲዮሎጂስቱ ወረቀቱ ላይ «ሳል» የሚል ብቻ ነበር ያየው። ትኩሳቱን አሁን ሰማ። ፊልሙን ዞር ብሎ ያየዋል፣ ቅድም ያላያትን ጥላ ያያል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ወሬ ነው።

ፊልሙ ሲጠፋ መምጫው ምክንያትም ጠፋ። ሐኪሙ ምስሉን ተኝቶ ማከሚያ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ያገኘዋል። ለምን ይወርዳል? ራይነርና ሲግል ይህንንም ቆጠሩት። ለተራ ራጅ በአካል መጥቶ የመማከሩ ነገር በ82 በመቶ ቀነሰ። ለሲቲና ለመሳሰሉት በ44 በመቶ። የራሱን ሥራ ስኬት ለዓለም የሚያሳይ ክፍል ይህን ቁጥር ፈልጎ አግኝቶ በሙያው መጽሔት ላይ ማውጣቱ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስከብረው ነው። ብዙ ቦታ ኃላፊ የሚያሳምረውን ቁጥር ብቻ ነው ለአለቃው የሚያቀርበው።

አንዳንዱ ሰው «እንኳን ቀነሰ፣ ራዲዮሎጂስቱ ሳይረበሽ ያንብብ» ይላል። እውነት አለው። በር በየደቂቃው የሚንኳኳበት ክፍል ውስጥ ያነበበ ሰው ያውቀዋል። ግን የሚንኳኳው በር ራዲዮሎጂስቱ የጎደለውን የሚሰማበትም በር ነበር። ስልክ አለ፣ ሁለቱም አንዱን ምስል ከፍተው ማውራት ይችላሉ፣ ያም ጥሩ ነው። ሆኖም ስልክ የሚደውለው ጥያቄ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነው። ድሮ የሚመጣው ጥያቄ እንዳለው የማያውቀውም ነበር።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ምስል ማግኘት ሲቀል ሐኪሞች ብዙ ማዘዝ ጀመሩ። ተኝተው በሚታከሙት ላይ በአንድ ሰው በቀን የሚታዘዘው ምርመራ 82 በመቶ ጨመረ። አጋጣሚ ሆኖ ቁጥሩ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ግን አቅጣጫው ተቃራኒ። በዚያው ዘመን በሌላው አሜሪካ የነበረው ጭማሪ 11 በመቶ ገደማ ነበር። ግማሹ ምናልባት ድሮ «ማን ይጠብቃል» ተብሎ የቀረ የሚያስፈልግ ምርመራ ነው። ሌላው ግማሽ መንገዱ ስለተጠረገ ብቻ የመጣ ይመስለኛል። ለኃላፊው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሥራው ጨመረ። በቆጠበው ጊዜ ሻይ ልጠጣ ያለ ራዲዮሎጂስት ካለ ሻዩ ቀዝቅዞበታል።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የክፍሉ የራሱ ነገር ነው። ብርሃን ሳጥን ጨለማ ይወዳል ግን ደብዛዛ ብርሃንን ይታገሣል። ስክሪን አይታገሥም። ከኋላ የበራ አምፖል መስታወቱ ላይ ያርፍና በሳንባው መሐል ሁለተኛ ጨረቃ ይሆናል። ከዚያም ሙቀቱ አለ፣ የማራገቢያው ጩኸት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞር አንገት አለ። የባልቲሞር ሰዎች ስክሪን ስንት ይሁን፣ መብራቱ ምን ያህል ይሁን፣ ወንበሩ እንዴት ይሁን እያሉ ዓመታት ፈጅተዋል። ይህ ለውጭ ሰው ቅንጦት ይመስላል። ግን በቀን ብዙ መቶ ምስል የሚያይ ዓይን ከሰዓት በኋላ ሲደክም የሚያልፈው ነገር የአንድ ሰው ዕጢ ሊሆን ይችላል። ቴክኖሎጂ ሲገዛ ለማሽኑ በጀት ይያዛል፤ ለአምፖሉና ለወንበሩ ግን ኃላፊው ነው የሚለምነው።

የሠራተኛውም ነገር አለ። ጨለማ ክፍል ከሌለ ፊልም አጣቢ የለም። መደርደሪያ ከሌለ ፊልም ፈላጊ የለም። ፊልም መዝገብ ቤት ለዓመታት የሠራ ሰው ደግሞ ማንም የማያውቀውን ያውቃል፤ የትኛው ሐኪም ፊልም መሳቢያው ውስጥ እንደሚከት፣ የትኛው ታካሚ በሁለት ስም እንደተመዘገበ። ፊልም ትቶ ወደ ኮምፒውተር የሄደ ራጅ ክፍል ሁሉ ይህን ዕውቀት ወይ ወደ አዲስ ሥራ አዛውሮታል ወይ ከሰውየው ጋር በሩ አስወጥቶታል። ባለቤት ያጡ ምስሎችን ዝርዝር ለማጽዳት ከእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የተሻለ አላውቅም።

ባልቲሞር ይህን የጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። አዲስ አበባም ብዙ ቦታ በፖስታው ፋንታ ሲዲ መስጠት ከተጀመረ ቆየ። አክስቴ ባለፈው ጊዜ የወገቧን ኤምአርአይ በሲዲ ተሰጥቷት ወደ ሐኪሟ ሄደች። እንዳይጫርባት ብላ በመሐረብ ጠቅልላ፣ በድሮው የፊልም ፖስታ ውስጥ ከታ ነው የወሰደቻት። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው። ሲዲ ማስገቢያ የለውም።

«እማማ፣ ፊልሙስ?» አላት።

«ልጄ፣ ውስጡ ነው ያለው ብለውኛል እኮ» አለች።